መቶ ሰማንያ አንድ

«ዜሮ ሰጠኋት።»

ቆርቆሮ ሠሪው ይህን ሲሰማ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጩ ጉንጩ ላይ ነበር። መስታወቱን የሰቀለው በእሱና በታናሽ ወንድሙ ቤት መሃል ባለችው ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳዋን የሠራትም ራሱ ነው፤ አንድ ረድፍ ቆርቆሮ፣ በላዩ ስስ ጣውላ፣ በላዩ ቀለም። ስትታይ ታምራለች። ድምፅ በመያዝ በኩል ግን ወንፊት ናት። እዚያ ማዶ ማንኪያ ሲወድቅ እዚህ ጎንበስ ብሎ ማንሳት ያሰኛል።

«ማንን ነው ዜሮ የሰጠኸው?» አለች የወንድሙ ሚስት።

«ቆቂትን። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ሲደመሩ መቶ ሰማንያ አንድ ይሆናሉ ብላ ጻፈች።»

«የገዛ ወንድምህን ልጅ?»

«እሱ ነዋ ችግሩ! የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ለድካሟ ሦስት አራት ነጥብ ጣል አደርግላት ነበር። ለሷ ብሰጥ ግን ነገ ምን ይሉኛል?»

ቆርቆሮ ሠሪው ምላጩን አወረደ። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ነጭ እንደሆነ ቆመ። መቶ ሰማንያ አንድ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው። የገባው ሌላው ነገር ነው፤ ዘመድ በመሆኗ የተቀነሰባት ነጥብ። ወንድሙ የሒሳብ መምህር ነው፣ ለጉንዳን መንገድ የሚለቅ ደግ ሰው። ዘንድሮ ቆቂት በእሱ ክፍል ከተመደበች ወዲህ ግን «አድልዎ» የሚሉት ቃል ጆሮው ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ማታ ማታ ብቅ ብሎ ሻይ መጠጣቱን ተወ። በግቢው የውሃ ቧንቧ ሲገናኙ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅቷ የወንድሙ ልጅ መሆኗን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ እሷንም «እዚያ አጎቴ እንዳትዪኝ» ብሎ አስጠንቅቋታል። ጠብ ቢሆን አስታራቂ ይገባበት ነበር። ለጥንቃቄ ግን አስታራቂ ከየት ይመጣል?

ቁርስ ላይ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ትናንት ስምንት ብር የነበረው ዳቦ ዛሬ አስር ገብቷል። እናትየው ይህን ከተናገረች በኋላ ሁሉም ዳቦውን አተኩረው አዩት፣ አድጎ እንደሆነ ለማጣራት። አላደገም። ቆቂት አስራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት ናት፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ቀድማ የምትነቃ ስለሆነች ነው በሕፃንነቷ ይህ ስም የወጣላት። ዛሬ ግን አንገቷን ደፍታ ሻይዋን ታማስላለች፣ አትጠጣውም።

«ፈተናሽን አምጪው» አላት አባቷ።

«የቱን ፈተና?»

«መቶ ሰማንያ አንዱን።»

ማንኪያዋ ቆመ። እናትየው ወደ ግድግዳዋ አየች። ከማዶ ይሰማ የነበረው የሰሃን ኮሽታም በዚያው ቅጽበት ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በሹክሹክታ ያወራ ጀመር፤ ሦስቱም አንገታቸውን ወደ ጠረጴዛው አቅርበው፣ ዳቦ ሊሰርቁ የተመካከሩ ይመስሉ ነበር።

ቆቂት ወረቀቷን ከደብተሯ መሃል አወጣች። ከላይ ቀይ ዜሮ አለ፣ ከሥሩ «መጽሐፉን አንብቢ» የሚል። ከዚያ በሹክሹክታ አስረዳች። ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮቹ ላይ አዲስ ፕሮግራም አስገብቷል። ሦስት ነጥብ ታስቀምጫለሽ፣ በመስመር ታገናኛቸዋለሽ፣ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በደብተር ላይ የሣልሽው እዚያው ደርቆ ይቀራል፤ ይሄኛው ግን በሕይወት አለ። አንዷን ነጥብ በማውስ ይዘሽ ስትጎትቻት መስመሮቹ አብረው ይለጠጣሉ፣ ይሾላሉ፣ ይተኛሉ፣ በጎን ደግሞ የየማዕዘኑ ዲግሪ ቁጥሩ እየተቀያየረ ይታያል። ፈተናው አምስት ጊዜ መጎተት፣ አምስቱንም ጊዜ ሦስቱን ማዕዘኖች መጻፍና መደመር ነበር። እሷ በሦስተኛው ላይ ሠላሳ አራት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት አየች። ደመረች። መቶ ሰማንያ አንድ መጣ። ደግማ ደመረች። በጣቷ ሁሉ ቆጠረች። በአራተኛው ደግሞ መቶ ሰባ ዘጠኝ ሆነ። ከታች «ምን ተገነዘብሽ?» ለሚለው «ብዙ ጊዜ መቶ ሰማንያ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ይበልጣል፣ አንዳንዴ አንድ ያንሳል» ብላ ጻፈች።

«ውይ የኔ ልጅ» አለች እናትየው፣ «መጽሐፉ መቶ ሰማንያ ካለ መቶ ሰማንያ ብለሽ አትገላገዪም?»

«ያያችሁትን ጻፉ ነው'ኮ ያለው እማ! ያየሁትን ጻፍኩ።»

አባቷን ያሳሰበው ግን ዜሮው ብቻ አልነበረም። ከሚሠሩት አስራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ፊት ከሰዓት በኋላ እየተቀመጡ በዚያ ፕሮግራም እንዲማሩ የሚመረጡት አስራ ሁለት ልጆች በዚሁ ፈተና ነው የሚለዩት። ዝርዝሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለጠፋል። ልጅቷ ስለዚያች የምትጎተት ነጥብ ስታወራ ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ በእንቅልፏ ሳይቀር እጇ ትራሱን ይዞ ወደ ጎን ይስባል ትላለች እናቷ። አሁን ሻይዋን ወደ ጎን ገፋችና «ግድ የለም አባባ፣ ለከርሞ» አለች። አንድ ሰው «ግድ የለም» ሲል ግድ እንዳለው የማያውቅ አባት የለም።

ሱቁ ከቤት አስራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። በሩ ላይ ባልዲ፣ የአትክልት ማጠጫ፣ የምድጃ ጭስ ማውጫ ተንጠልጥሏል። ትልቁ ባልዲ አራት መቶ፣ ትንሹ ሁለት መቶ ሰማንያ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለሚገዛ ሃያ ይቀነሳል ተብሎ በጠመኔ ከተጻፈ አራት ዓመት ሆኖታል፣ እስካሁን ሁለቱንም የገዛ የለም። ጠዋት የመጡት የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነበሩ፤ አንዱን ማጠጫ አንስተው ቂጡን በጣታቸው አንኳኩና «ስንት ነው?» አሉ። «መቶ ሰማንያ አንድ» አላቸው ሳያስበው። ሴትዮዋ ማጠጫውን አስቀመጡ። «መቶ ሰማንያስ ይሁን፣ አንዷ ምንድናት?» «እሷን ነው እኔም የማጣራው እማማ» አለ። በመቶ ሰባ ወሰዱት።

ሴትዮዋ እንደሄዱ ከቁርጥራጭ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ለስላሳ ቆርቆሮ አወጣ። ቁጥር በኮምፒዩተር ይታያል ቢሉትም እሱ የሚያምነው የሚጨበጥ ነገር ነው። በሚስማር ሦስት ማዕዘን ጫረ፣ በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠ። ከዚያ ሦስቱን ጫፎች ምልክት አደረገባቸውና ከአካላቸው ለያያቸው፤ ሹል ለሹል አገናኝቶ፣ ጎን ለጎን ደርድሮ የብረት ማስመሪያው ላይ አስደገፋቸው። ልክክ አሉ። ከታች ቀጥ ያለ መስመር፣ ወረቀት የሚያሾልክ ክፍተት የለም። ቀጥ ያለ መስመር መቶ ሰማንያ መሆኑን ደግሞ ያውቃል፤ የቆርቆሮ ማጠፊያው ላይ ተጽፎ ለሃያ ዓመት አይቶታል። ሌላ ቆረጠ፣ ሰፊ። ልክክ አለ። ሌላ ቆረጠ፣ እንደ ጩቤ የሾለ። እሱም ልክክ አለ። አጠገቡ ያለው ብየዳ ሠሪ፣ ሰፈሩ «ብልጭታ» የሚለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

«ምንድነው ይሄ? የቆርቆሮ ብስኩት መጋገር ጀመርክ?»

«ልጄ ተሳስታለች፣ ብልጭታ።»

«ታዲያ ልጅ አይደለች? አንተ ስንት ቀን ነው የተሳሳትከው? ያቺ የኔ በር ላይ የሰቀልካት አሸንዳ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ውስጥ አይደል የምታፈሰው!»

ቆርቆሮ ሠሪው ግን አልሳቀም። ጠዋት ወንድሙን ሊጣላ ነበር ልቡ የተነሳው፤ አሁን እጁ ላይ ያለው ማስረጃ የወንድሙ ማስረጃ ሆነ። ከሞት በስተቀር የሚያስጨንቅ ነገር ቢኖር እውነት በማይፈልጉት በኩል ስትቆም ነው። ቢሆንም ዘጠኙን ጫፎች ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ሱቁን ለብልጭታ አደራ ሰጠ፣ በምሳ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ በኪሱ ውስጥ ቆርቆሮው ሽንጡን እየወጋው፣ ለወንድሙ የሚለውን ያጠና ነበር፤ «ተሳስታለች፣ ይሁን። የተሳሳተችበትን ቅጣ። ዘመድህ የሆነችበትን ግን መልስላት።»

ቆቂትን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠና ከኪሱ ሦስት ጫፎች አውጥቶ በጉልበቱ ላይ ደረደረ። ልጅቷ አየች። ገባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አንተም?»

«ሦስት ጊዜ ቆረጥኩት የኔ እናት። ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ልጆች ኳስ እያሳደዱ በፊታቸው አለፉ። ቆቂት አንዷን ጫፍ አንስታ ገለበጠቻት፣ መለሰቻት፣ በጥፍሯ ጠርዙን ነካች። ከዚያ ቀና ስትል እንባው ሄዶ ነበር። «ቆርቆሮህ ቀጥ ብሏል፣ አይቻለሁ» አለች። «ስክሪኑም መቶ ሰማንያ አንድ ብሏል፣ እሱንም አይቻለሁ። ሁለቱም እንዴት ይሆናል?» አባቷ ይህን አላሰበውም ነበር። ተያይዘው ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ሄዱ።

ክፍሏን የምትጠብቀው ሴት ተማሪዎቹ «እትዬ ጽዱ» ይሏታል። አቧራ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ኪቦርዶቹን በጥርስ ብሩሽ ታጸዳለች፣ የሞቱትን ሦስት ኮምፒዩተሮች ሳይቀር በነጭ ጨርቅ አልብሳ አሳምራቸዋለች። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቆርቆሮ ሠሪው ጫማውን ሲያወልቅ የግራ ካልሲው አውራ ጣቱን ወደ ውጭ ለቆታል፤ ጣቱን አጥፎ፣ በተረከዙ እየተራመደ ገባ። ወንድሙ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አስራ ሁለቱን ስሞች የያዘውን ወረቀት ሲያነብ ቀና አለ፣ ታላቁን አየ፣ እትዬ ጽዱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ የተማሪዋ ወላጅ ነዎት?»

ቆርቆሮ ሠሪው የዚህን ልጅ አፍንጫ በእጁ ጠርጎለታል፤ በማጠጫ ሽያጭ ነው ያስተማረው። አሁን ግን እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። «አዎ ጌታዬ፣ ወላጇ ነኝ። እርስዎ መምህሯ ነዎት? ድምፅዎን በግድግዳ በኩል የማውቀው ይመስለኛል። ትናንት ማታ ሲያስነጥሱ ይማርዎት ብዬ ነበር፤ አልደረሰዎትም?»

የመምህሩ ጆሮ ቀላ። እትዬ ጽዱ የያዘችውን ጨርቅ አጥፋ ለመስማት ተመቻቸች። ቆቂት ግን ጊዜ አልነበራትም። «ቲቸር፣ እስቲ ይክፈቱት» አለች። «አንዴ ብቻ።»

መምህሩ ነገሩን ቶሎ ለመቋጨት ከፊቱ ያለውን ኮምፒዩተር ከፈተ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። ሦስት ማዕዘን ሠራ፤ አርባ አንድ፣ ስልሳ ስድስት፣ ሰባ ሦስት። «መቶ ሰማንያ። አየሽ?» «ይጎትቱት» አለች። ጎተተው። ሠላሳ አራት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት። ጮክ ብሎ መደመር ጀመረ፤ «ሠላሳ አራትና ሰባ ሦስት መቶ ሰባት፣ መቶ ሰባትና ሰባ አራት መቶ ሰማንያ...» አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ትንሽ ጎተተው። መቶ ሰባ ዘጠኝ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። ስክሪኑ ሐሳቡን አልቀየረም።

ቆርቆሮ ሠሪው አንገቱን አስግጎ ግድግዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሲያይ ቆይቶ «ጅራታቸው የት ሄደ?» አለ።

«የምን ጅራት?»

«ማዕዘን መቼም ድፍን ሆኖ አይወለድም። እኔ አሸንዳ ስለካ ሦስት ቁራጭ ከሆነ ለየብቻ ለክቼ፣ ግማሽ ሳንቲሜትር ስትደርስ ወደ ሙሉው ከፍ አደርጋታለሁ፣ ካነሰች እጥላታለሁ። ሲደመር አንዳንዴ ከግድግዳው አንድ ሳንቲሜትር ይበልጣል። ግድግዳው አላደገም። ፍርፋሪውን የጣልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ በዝግታ ጨመረ፤ «የብልጭታ አሸንዳም እንደዚያ ነው የተበላሸችው፣ እንዳትነግሩት።»

እትዬ ጽዱ በኩራት ፈገግ አለች። «ከነጥብ በኋላ ያሉትን ትንንሾቹን ከሆነ የምትሉት፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው፤ ከፈተናው በፊት። አንዱ ቁጥር አንዱን እየነካ ስክሪኑን አቆሸሹት'ኮ! አሁን እንዴት እንደሚያምር እዩት።»

መምህሩ ወደ ማስተካከያው ገብቶ አንድ ነገር ነካ። ሠላሳ አራት የነበረው ሠላሳ ሦስት ነጥብ ስድስት ሆነ። ሰባ ሦስት የነበረው ሰባ ሁለት ነጥብ ሰባት፤ ሰባ አራት የነበረው ሰባ ሦስት ነጥብ ሰባት። ሲደመር ያው የዘላለሙ መቶ ሰማንያ። ቆቂት በረጅሙ ተነፈሰች። መምህሩ ግን አልጨረሰም። ከመሳቢያው የፈተናውን ወረቀቶች አውጥቶ አንድ በአንድ ይገልጥ ጀመር። አርባ ሰባት ወረቀት። በአርባ ስድስቱ ላይ አምስቱም ሦስት ማዕዘኖች፣ አንድ እንኳ ሳይዛነፍ፣ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሰማንያ። በዚያ ስክሪን ፊት ተቀምጠው አርባ ስድስት ልጆች ሁሉ ይህን ሊያዩ አይችሉም። ልጆቹ ሁለቱን ማዕዘኖች አይተው ሦስተኛውን ከመጽሐፉ ጋር አስማምተው ሞልተዋል። መምህሩ መሳቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ፣ በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ እንባውን እስኪጠርግ።

«ጋሼ» አለ፣ እትዬ ጽዱ መኖሯንም ረስቶ፣ «ከአርባ ሰባት ልጅ ያየውን የጻፈ አንድ ሰው ነው ያለው። እሱንም ዜሮ ሰጠሁት!»

«ጋሼ?» አለች እትዬ ጽዱ።

ቆቂት ግን ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። «ቲቸር፣ አንድ ነገር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጎትቼዋለሁ። መቶ ሰባ ዘጠኝ ይመጣል፣ መቶ ሰማንያ አንድ ይመጣል። መቶ ሰማንያ ሁለት ግን አንድም ቀን አይመጣም። ለምን?» መምህሩ ሊመልስ አፉን ከፈተና ዘጋው። የሚያውቁት አስተማሪዎች ናቸው፤ ተማሪ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ቶሎ መንገር አበባ ከመቅጠፍ አይተናነስም። ዝርዝሩን አንስቶ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

በር ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ ቆርቆሮ ሠሪው በጣቶቹ ይቆጥር ነበር። ቁጥሩ ሲደፈን ቢበዛ ግማሽ ይጨምራል። ሦስት ቁጥር ነው ያለው። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ፤ አንድ ተኩል። ሁለት አይደርስም፣ በዱላ ቢነዱትም አይደርስም! በአንድ እግሩ እንደቆመ ብቻውን ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎች ሰሌዳውን ከበቡት። በኮምፒዩተር የተጻፉ አስራ ሁለት ስሞች አሉ፣ ከሥራቸው በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ። አባትየው ማንበብ ላይ ፈጣን አይደለም፤ በጣቱ እየተከተለ ከላይ ጀምሮ ወረደ፣ አስራ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ እዚያው ተተከለ። ቆቂት እጁን በሁለት እጆቿ ያዘችው። ያኔ አንድ ረጅም ልጅ ከኋላ ጮኸ።

«ቲቸር! ኮምፒዩተሩ አስራ ሁለት ነው። አስራ ሦስተኛዋ የት ልትቀመጥ ነው?»

«የኔ ላይ።»

«እንዴ! በመምህሩ ወንበር? ዘመድዎ ናት እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ልጁ ለቀልድ ነበር ያለው። መምህሩ ግን አልሳቀም። ዘንድሮ ሙሉ ዓመቱን ከዚህ ጥያቄ ሲሸሽ ነው የከረመው፤ አሁን አምሳ ልጅ ፊት መጣበት። ታላቅ ወንድሙን አየ። ወንድሙ ጫማውን አየ።

«የወንድሜ ልጅ ናት» አለ መምህሩ፣ ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ያ የቆመው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። በፈተናው ዜሮ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ፣ ተሳስቼ ነበር። እናንተ ሁላችሁ መጽሐፉን አይታችሁ ጻፋችሁ፤ እሷ ስክሪኑን አይታ ጻፈች። አሁን ጥያቄ አላት። ቁጥሮቹ ሲደፈኑ ድምሩ መቶ ሰማንያ አንድ ይመጣል፤ መቶ ሰማንያ ሁለት ለምን አይመጣም? መልሱን የነገረኝ ስሙን አስራ አራተኛ ብዬ በዚሁ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ።»

ከዚያ ረጅሙ ልጅ ቀድሞ፣ ሌሎቹም ተከትለውት፣ ጫማቸውን እየፈቱ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ሮጡ። እትዬ ጽዱ «እግራችሁን! እግራችሁን!» እያለች ከኋላቸው። ቆርቆሮ ሠሪው ደረቱን ነፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ አነሳ።

«ግማሽና ግማሽ...» ሲል ቆቂት አፉን በመዳፏ ያዘችው።

«አባባ! በፈጠረህ! እንዲያገኙት ተዋቸው!»